«አያዳምጡኝም» ላልሽኝ መምህርት

ከአንዲት ወጣት መምህርት የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ሰላም መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህርት ነኝ። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ጣና ዳር ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተመደብኩ ገና 5 ወሬ ነው። 9ኛ እና 10ኛ ክፍል አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 63 ተማሪ አለኝ። ኮምፒውተር ላቡ ውስጥ የሚሠሩት 14 ብቻ ናቸው፤ እነሱም መብራት ካለ ነው። ልጆቹ ‹ማትሪክ ላይ አይመጣም› እያሉ አያዳምጡኝም። ከኋላ የሚተኛ አለ። ዴስክ ሥር ስልክ የሚነካካ አለ። ተቆጣሁ፣ ማርክ ቀነስኩ፣ ከክፍል አስወጣሁ። ምንም አልተለወጠም። እርስዎ ተማሪ መያዝ የቻሉት በስንት ዓመትዎ ነው? ምን አድርገው? ደግሞስ የተበላሹትን ማውዞች ከደሞዜ ልተካ ወይስ ይቅር?»

እህቴ፣ አንቺ ብዬ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። ባሕር ዳር ውስጥ ይህንኑ ትምህርት ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን 4 ዓመታት ያሳለፍኩት ልክ አንቺ እንደጻፍሽው ነው። ተቆጥቻለሁ። ማርክ ቀንሻለሁ። ከክፍል አስወጥቻለሁ። ተማሪ መያዝ የቻልኩት በ5ኛው ዓመቴ ነው። ያውም አዲስ ዘዴ ተምሬ አይደለም። ልጆቹ እነማን እንደሆኑ መጠየቅ ስለጀመርኩ ነው።

ለምን ዘገየህ ብትይኝ፣ እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ 9ኛ ክፍል ስገባ ትምህርቱ የሚመጣው በሳተላይት ነበር። ክፍሉ ፊት ያለው ስክሪን በእንግሊዝኛ ያስተምራል። መምህራችን ጥግ ይዞ ይቆማል። ስክሪኑ ጥያቄ ይሰጠናል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ እኛ ሳንጨርስ መልሱን ነግሮን ያልፋል። እጅ ብናወጣ አያየንም። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተመርቄ ሰሌዳ ፊት ስቆም እኔም ሳላውቀው እንደዚያ ነበር የማስተምረው። ምዕራፉን እጨርሳለሁ። ማን እንደተከተለኝ፣ ማን መንገድ ላይ እንደቀረ አላይም።

በ2008 መስከረም ላይ ለሁሉም ግማሽ ግማሽ ወረቀት አደልኩ። 4 ጥያቄ ነበረው። ከትምህርት ቤት ውጭ ምን ትሠራለህ? ጎበዝ ነህ የሚሉህ በምንድን ነው? ቤታችሁ ስማርት ስልክ ያለው ማን ነው? እኔ ሳስተምር የሚያስቸግርህ ምንድን ነው? ከላይ «ከእኔ በቀር ማንም አያነበውም» ብዬ ጻፍኩ። ቃሌንም ጠብቄአለሁ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ እንኳ አንስቼው አላውቅም።

የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ላይ ሁልጊዜ የሚተኛ አንድ ልጅ ነበረኝ። ሌሊቱን ስልክ ላይ የሚያድር ይመስለኝ ነበር። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሰጠው መልስ አንድ ቃል ናት፦ «መረብ»። በዕረፍት ሰዓት ጠራሁት። ማታ ከአባቱ ጋር ሐይቁ ላይ መረብ ይጥላሉ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው ያወጣሉ። ዓሣውን ለነጋዴ አስረክቦ በቀጥታ ወደ እኔ ክፍል ይመጣል። በሁዳዴ ደግሞ የዓሣ ገበያ ስለሚደራ ጭራሽ አይተኛም። እኔ ደግሞ ተሳትፎ የለህም ብዬ 5 ማርክ ቀንሼበታለሁ። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ምሳ መብላት አቃተኝ።

ምን አደረግኩ? መጀመሪያ ማርኩን መለስኩለት። ከዚያ «የምታወጡትን ዓሣ በየቀኑ ደብተር ላይ ያዝልኝ» አልኩት። ቀን፣ ስንት ቆሮሶ፣ ስንት አምባዛ፣ ስንት ተሸጠ፣ ስንት በዱቤ ሄደ። ኤክሴል የሚባለውን የስሌት ሰንጠረዥ ፕሮግራም ሳስተምር የመጽሐፉን ምሳሌ ትቼ የእሱን ደብተር ሰሌዳ ላይ ገለበጥኩት፤ እሱንም አባቱንም አስፈቅጄ ነው። ድምር፣ አማካይ፣ ግራፍ፣ ሁሉንም በእሱ ዓሣ ተማርን። በወሩ መጨረሻ ዱቤው ከጠበቁት በላይ ሆኖ ተገኘ። አባቱ ሰምተው ትምህርት ቤት ድረስ መጡና ወረቀቱን አትመን ሰጠናቸው። ልጁ ከዚያ በኋላም አንዳንድ ቀን ይተኛ ነበር። መረቡ አልቀረለትማ። ግን ሲነቃ የሚጠይቀው ጥያቄ ነበረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወረቀቱን ማደል ብቻውን አይበቃም። ይህን በ2011 ነው የተማርኩት።

10ኛ ክፍል ኤክሴል ላይ ሞድ የሚባለውን ፎርሙላ እያስተማርኩ ነበር። ሲካፈል የሚቀረውን የሚያወጣው ማለት ነው። «17 ለ5 ሲካፈል ስንት ይቀራል?» እላለሁ። ክፍሉ ጭጭ። ምን ይሠራልናል የሚል ፊት ነው የማየው። ከኋላ አንድ ዝምተኛ ልጅ «ቲቸር፣ ይኼማ የዓመቱን ወንጌላዊ ማውጣት ነው» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ግን ወረቀቱ ትዝ አለኝ። «ድቁና» ብሎ ጽፎ ነበር። አንብቤዋለሁ። ለእኔ ትምህርት የሚሆን ነገር አለው ብዬ ግን አላሰብኩም።

ጠመኔውን ሰጠሁት። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2011 ደመረ፤ 7511። ለ4 አካፈለ፤ 3 ቀረ። «1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ዘንድሮ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ትሆናለች» አለ። ክፍሉ መሳቁን ትቶ ማየት ጀመረ። ልጁ አላቆመም። ጾምና በዓል የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን ቀጠለ፤ ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ በዚያ የሚወጡ ቁጥሮች ናቸው። 7511ን ለ19 ሲገድፈው፣ ማለትም ሲያካፍለው፣ 6 ቀረ። 1 ቀነሰ፤ ወንበሩ 5 ሆነ። 5ን በ11 አባዛ፤ 55፤ 30 ሲገደፍ አበቅቴው 25። 5ን በ19 አባዛ፤ 95፤ በ30 በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 5። ከዚያ ዞር ብሎ «ቲቸር፣ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልመጡ ተሳስቻለሁ ማለት ነው» አለኝ።

እህቴ፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሥራውን የሚፈትሸው እንዲህ ነው። መልስ አገኘሁ ብሎ አይተወውም፤ ማረጋገጫ ያስቀምጥለታል። ይህን ሐሳብ ለማስረዳት እኔ 2 ክፍለ ጊዜ እፈጅ ነበር፤ ያውም አይገባቸውም። ይህ ልጅ ከቄስ ትምህርት ቤት ይዞት መጥቷል። በእኔ ትምህርት ግን ከወደቁት አንዱ ነበር።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። አንዲት ሙስሊም ተማሪ እጇን አወጣች። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ወደ ኋላ እየመጣ እንደሚውል ነገረችን። የጨረቃው ዓመት 354 ቀን ነው፤ የፀሐዩ 365። ልዩነቱ 11። ዲያቆኑ ልጅ «እኛም በ11 የምናባዛው ለዚህ ነው» አለ። ሁለቱ ሰሌዳው ፊት ቆመው ሲነጋገሩ እኔ ከኋላ ባዶ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ደወሉ ተደውሎ ማንም አልተነሳም። በማግሥቱ ያንን ስሌት ኤክሴል ላይ ሠራነው። ዓመቱን ስታስገቢ ወንጌላዊውን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን ያወጣል። የመጨረሻዋ ሴል ድምሩ 30 መሆኑን ትፈትሻለች። እስካሁን በየዓመቱ አስተምረዋለሁ።

ፊደላችንም እንዲሁ ጥሩ መግቢያ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ካለሽ ልጆቹ ኖትፓድ ላይ ስማቸውን በአማርኛ ጽፈው ሴቭ ያድርጉት። የድሮዎቹ ላይ ተመልሶ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ስሙ የለም፤ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይደረደራል። አንዲት ልጅ «ስሜ የት ሄደ?» ብላ ደንግጣ ጠርታኛለች። ያኔ ነው ስለ ዩኒኮድ የምትነግሪያቸው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። ሀ 4608 ነው። ሁ 4609። ለ 4616። እዚያ ላይ አቁሚና «መ ስንት ይሆናል?» በያቸው። ፊደል ገበታው በልባቸው ስላለ ራሳቸው ይደርሱበታል። ከአንዱ ቤት ወደ ቀጣዩ የምትሄጂው 8 እየጨመርሽ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ 4632። አዲስ ኤክሴል ካለሽ ዩኒኮድ በሚባለው ፎርሙላ ያረጋግጡታል። ቀጥለሽ ስለ ኤስኤምኤስ ንገሪያቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል፤ በአማርኛ 70 ብቻ። ከጓደኞቻቸው ጋር በየቀኑ የሚጻጻፉበት ነገር ስለሆነ ጥያቄያቸው አያልቅም።

ሁሉም ልጅ መረብ ወይ ድቁና ብሎ አይጽፍልሽም። «ምንም» የሚል ይበዛል። በተለይ ሴቶቹ። መጀመሪያ ላይ «ምንም» የምትል ልጅ ሰነፍ ትመስለኝ ነበር። ኋላ ጥያቄውን ለወጥኩት። «ትናንት ከትምህርት ቤት ወጥተሽ እስክትተኚ ምን ምን ሠራሽ? በሰዓት ጻፊልኝ» አልኩ። «ምንም» ያለችው ልጅ ሁለት ታናናሾቿን ታጥባለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ የእናቷን የዕቁብ ደብተር ትይዛለች። ዕጣው ለማን እንደወጣ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት። ይህ ሁሉ ለእሷ ሥራ አይደለም፤ ማንም ሥራ ነው ብሏት አያውቅም። ስለዚህ «ምንም» የሚል መልስ ከመጣልሽ ጥያቄሽ እንዳልደረሳት ቁጠሪው። በሌላ በኩል ግቢ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ በክልላችን የሆነውን ግጭት አንቺም ታውቂዋለሽ። ትምህርት የተቋረጠበት፣ ከቦታው ተፈናቅሎ የመጣ፣ 18 ዓመት ሞልቶት 9ኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ክፍልሽ ውስጥ አለ። ስለዚያ ወረቀት ላይ አትጠይቂ። ሊያወራሽ ከፈለገ ራሱ ይመጣል። አንቺ ግን ስትቆጪ አስታውሺው።

ስለ ማትሪክ ልጆቹ ልክ ናቸው። የእኛ ትምህርት 12ኛ ክፍል ፈተና ላይ የለም። አትከራከሪያቸው። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በተዛወረበት የመጀመሪያ ዓመት ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2017 እንኳ 8.4 በመቶ ነው። ታላቅ ወንድሙ ሲወድቅ ያየ ልጅ ደቂቃውን ቢቆጥብ አይፈረድበትም። እኔ ያደረግኩት ነገር ቢኖር የሌላውን ትምህርት ወደ ላቡ ማምጣት ነው። «ሒሳብ ላይ ያስቸገራችሁ ምዕራፍ የቱ ነው?» እላቸዋለሁ። የኳድራቲክ ፈንክሽን ግራፍ ካሉኝ ኤክሴል ላይ እንስለዋለን። ከፊት ያለውን ቁጥር ሲቀያይሩ ግራፉ ሲሰፋና ሲጠብ፣ ሲገለበጥ ያዩታል። የሒሳብ መምህሩ ራሱ መጥቶ አይቷል። ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ ፈተናውን በኮምፒውተር ነው የሚወስዱት። ማውዝ የሚያስፈራው ልጅ እዚያ ሰዓት ያባክናል። ይህን ንገሪያቸው፤ ማስፈራሪያ ግን አታድርጊው።

63 ተማሪና 14 ኮምፒውተር ላልሽኝ፣ እኔ የምሠራበትን ልንገርሽ። ሦስት ሦስት አድርጊያቸው፤ 21 ቡድን ይሆናሉ። 14ቱ ቡድን ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። 7ቱ ጠረጴዛ ላይ በወረቀት ይሠራል። በየሳምንቱ ሲቀያየሩ አንድ ቡድን ወረቀት ላይ የሚውለው በ3 ሳምንት አንዴ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ሹፌር፣ ረዳት እና ትራፊክ ናቸው። ሹፌሩ ኪቦርዱንና ማውዙን ይይዛል፤ ረዳቱ ያላለውን አይነካም። ረዳቱ የሚሠራውን በአፉ ይናገራል፤ እጁ ከኋላው ነው። ትራፊኩ ስህተት ይይዛል፤ ደብተር ላይ ይመዘግባል። በ8 ደቂቃ አጨበጭባለሁ፤ ይቀያየራሉ። ሦስቱም ሲደርሳቸው 24 ደቂቃ ነው። ከ40ው ደቂቃ የቀረው ለመግቢያና ለመውጫ ይበቃሻል።

ይህን መቀያየር ያመጣሁት በአንድ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ቆሜ ቆጠርኩ። ወንድና ሴት ተቀላቅለው የተቀመጡባቸው 9 ኮምፒውተሮች ነበሩ። ማውዙን የያዘችው ሴት አንድ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ ከጎን ሆነው ያያሉ። ማንም አልከለከላቸውም። ማንም ግን ንኪ አላላቸውም፤ እኔንም ጨምሮ። እባክሽ አንቺም አንድ ቀን ቁጠሪ። በቅድሚያ ስንት ይመስለኛል ብለሽ ጻፊና ከዚያ ቁጠሪ።

መብራት ለሚጠፋበት ቀን ሁልጊዜ አንድ ትምህርት በእጅሽ ይኑር። የእኔ ባይነሪ ነው፤ ኮምፒውተር በ0 እና በ1 ብቻ የሚቆጥርበት ማለት ነው። 5 ልጆች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 የተጻፈበት ወረቀት ይይዛሉ። የቆመ ይቆጠራል፣ የተቀመጠ አይቆጠርም። ክፍሉ ቁጥር ይጠራል፤ እነሱ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ። እስከ 31 ይሄዳል። መብራት ሲመጣ አንሄድም ያሉኝ ጊዜ አለ።

ስልኩን በሚመለከት የትምህርት ቤቱን ደንብ አክብሪ። ክልክል ከሆነ ክልክል ነው። ግን ስልኩ ላይ ምን እንደሚሠሩ እወቂ። ካፕከት ላይ ቪዲዮ ቆርጦ፣ ድምፅ ለብቻ፣ ጽሑፍ ለብቻ ደርቦ ቲክቶክ ላይ የሚጭን ልጅ ስለ ፋይል መጠንና ስለ ሬዞሉሽን ካንቺ መጽሐፍ በላይ ያውቃል። ስሙን ብቻ ነው የማያውቀው። ስሙን ስጪው። ቻትጂፒቲ ሠርቶላቸው የሚያመጡትን የቤት ሥራም ብዙ አልጣላውም። «2 ደቂቃ ቆመህ በአማርኛ አስረዳኝ» እላለሁ። ማርኩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ያስረዳ ልጅ ከየትም ይማረው፣ ተምሯል።

ስለ ቁጣም ጽፈሽልኛል። አሁንም እቆጣለሁ። የሚያዋርድ ቃል ግን ክፍል ፊት አልናገርም። በመጀመሪያ ዓመቴ አንዱን ልጅ «አንተ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርክም» ብዬዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኔ ክፍለ ጊዜ አቴንዳንስ ሲጠራ «አቤት» ማለት ተወ፤ እጁን ብቻ ያነሳል። ዓመቱን ሙሉ። ይቅርታ ልጠይቀው እያልኩ ሳመነታ ትምህርት ቤት ቀየረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማውዙን ከደሞዝሽ አትግዢ። የጀማሪ መምህር ደሞዝ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። በጽሑፍ ጠይቂ፤ የጠየቅሽበትን ቀሪ ያዢ። እስኪመጣ ግን የተበላሹትን አትጣይ። ማውዝ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ውስጡ አይደለም። ገመዱ ወደ ማውዙ በሚገባበት አንገቱ ላይ ይቆረጣል። ትንሽ አሳጥሮ እንደገና የሚበይደው ሰው ካገኘ ይሠራል። በካርቶን ሰብስቢና ላቡ ጥግ አስቀምጪ። ከዚያ ወረቀቱን አድዪ። «ቅዳሜ ሞባይል ጥገና ቤት እውላለሁ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ካገኘሽ ካርቶኑን ለእሱ ስጪው። እኔ ያገኘሁት ሁለተኛ ረድፍ ላይ፣ ስልክ ሲነካካ በተደጋጋሚ የያዝኩት ልጅ ነበር። ከ11 ማውዝ 7ቱን መለሰልኝ።